የመሳለሚያው ሳጥን

ንፋስ መውጫ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2005 ዓ.ም.

የላክሽው ጥቅል ሐሙስ ዕለት ደረሰ።

ለልጄ ለሕሊና ዓለምነህ፤ ሰላምታው ከዚህ መቅደም ነበረበት። ነገር ግን ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ «መጀመሪያ ዋናውን ነገር ጻፉ» እያልሁ ተማሪ ሳስጨንቅ ኖሬ፣ ጡረታ ወጣሁ ብዬ አልተወውም። አሁን ልጠይቅሽ፦ እንደምን ከረምሽ? የጋይንት ታቦታት በሄድሽበት ይከተሉሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እሱም ቁጭ ስል ነው የሚያመኝ።

ከአገር ስትወጪ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበርና መልኬን አታስታውሽው ይሆናል። የአባትሽ የአክስት ልጅ ነኝ። የእሱ እናት አክስቴ ዓለሚቱና የእኔ እናት እኅትማማቾች ናቸው። ወገዳ ትምህርት ቤት እሱ ስፖርት፣ እኔ ጂኦግራፊ ስናስተምር አንድ ቤት ተከራይተን አምስት ዓመት ኖረናል።

ጥቅሉን የፈታሁት እዚያው ፖስታ ቤት ነው። ሠራተኛዋ አንገቷን አስግጋ «መምህር፣ ምሳ ዕቃ ነው የላኩልዎ?» አለችኝ። ክዳኑ በአራት በኩል የሚቆለፍ አረንጓዴ ሳጥን፣ ውኃ በማያስገባ ከረጢት የተጠቀለለ ደብተር፣ ሁለት እርሳስ፣ መቅረጫ፣ ትንንሽ መጫወቻዎች፣ ደግሞ ሞባይል የሚመስል ግን የማይደውል መሣሪያ። ጂፒኤስ መሆኑን ዐወቅሁ። ስለ እሱ ሳስተምር ኖሬ በእጄ ስይዘው የመጀመሪያዬ ነው። ደብተሩ የፊት ገጽ ላይ «ዓለምነህ» ብለሽ ጽፈሻል፤ ከዚያ በታች ባዶ ነው።

የአባትሽን ፊሽካም አየሁት።

ምን እንዳደርግበት ግን ደብዳቤሽ አጥርቶ አይናገርም። «ጋሼ፣ ሳጥኑን ይደብቁልኝ» ይላል። ከማን ነው የምደብቀው? በዝርዝር ጻፊልኝ።

አባትሽ ከ2003 ፋሲካ ወዲህ አልጻፈልኝም። እንዴት ነው?

ያንቺው ረታ


ፍራይቡርግ፣ ኅዳር 9 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሼ ረታ፤

እግዚአብሔር ጤናዎን ከነጉልበትዎ ይስጥልኝ። ፊደሌ ቢንጋደድ ይቅር ይበሉኝ። ያስተማረኝ አባቴ ነው፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ እኔ ደግሞ መስኮት መስኮቱን እያየሁ። ስልክ ብደውል ይቀል ነበር፤ ስልክ ላይ ግን አማርኛዬ ይጠፋብኛል።

ነገሩ ጨዋታ ነው። ጂኦካሺንግ ይሉታል። አንድ ሰው እንዲህ ያለውን ሳጥን ደስ የሚል ቦታ ይደብቅና የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስ ኢንተርኔት ላይ ያወጣል። ሌላው ሰው በመሣሪያው እየተመራ ይፈልገዋል። ሲያገኘው ደብተሩ ላይ ስሙን ይጽፋል፤ ከመጫወቻዎቹ አንዱን ከወሰደ በምትኩ ሌላ ያኖራል፤ ከዚያ እንደነበረው መልሶ ይደብቀዋል። ሽልማት የለውም።

«ሽልማት ከሌለው ምን ያለፋቸዋል?» ሳይሉ አይቀርም። አባቴም ያለው ይህንኑ ነበር። እኔ በምሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ አንዲት ባልደረባዬ መሣሪያዋን አዋሰችኝና አንድ ቅዳሜ አባቴን ይዤው ወጣሁ። ጥቁር ደን በሚሉት ተራራማ አገር አንድ ዛፍ ሥር ሳጥኑን መጀመሪያ ያገኘው እሱ ነው። ከደስታው ብዛት ፊሽካውን ከኪሱ አውጥቶ ነፋ። ሁለት ብስክሌተኞች ያጠፉ መስሏቸው ወረዱ። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜያችን ይኸው ሆነ። እኔ እነዳለሁ፤ እሱ ካርታ ይዞ ይመራል። ሽቅብ ወጥተን ሸለቆው ከታች ሲዘረጋ «ይኸ ጋይንት ነው፤ የጎደለው በሬውን የሚጣራ ገበሬ ነው» ይል ነበር።

ሁልጊዜ የሚያነሣው ቦታ ደግሞ ነበረው። ከወገዳ ወደ ወይራዬ ሲኬድ መንገዱ ታጥፎ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ድንገት የሚታይበት። ሳጥኑ እዚያ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ደንቡ ቀላል ነው። መሬት ተቆፍሮ አይቀበርም፤ ባለመሬቱ ይጠየቃል፤ በየጊዜው የሚያየው የአካባቢው ሰው መኖር አለበት። የእርስዎን ስም ሰጠሁ። ሳላስፈቅድዎ ስላደረግሁት ይቅርታ።

ስለ አባቴ ለጠየቁኝ፣ በዚህኛው ደብዳቤ አልመልስልዎም። በሌላ ጊዜ ይሁንልኝ።

አክባሪዎ ሕሊና


ንፋስ መውጫ፣ ጥር 19 ቀን 2005 ዓ.ም.

ሳጥኑ ትናንት ቅዳሜ ከቦታው ተቀመጠ።

ልጄ ሕሊና፤ የጥምቀቱ በረከት ባለሽበት ይድረስሽ። መዘግየቴ ከስንፍና አይደለም። ወደ ወገዳ የሚሄድ መኪና ስጠብቅ፣ ጉልበቴንም ስለምን ቆይቼ ነው።

የወሰደኝ ደምሌ የሚባል የአይሱዙ ሹፌር ነው። ተማሪዬ ነበር፤ በጂኦግራፊ ሁለት ጊዜ ጥዬዋለሁ። መሣሪያውን ጭኔ ላይ አድርጌ ቁጥሩ ሲለዋወጥ ሳይ፣ «አይ መምህር! እኔን ካርታ አታውቅም ብለው ጣሉኝ፤ ዛሬ አንቱ መንገዱን ከሳተላይት ይጠይቃሉ» እያለ እስከ ወገዳ ሳቀብኝ። ወቅቱ የአውድማ ነው። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ገለባው በነፋስ ይበተናል፣ በሬዎቹ ይዞራሉ፣ ከዚያ ወዲያ ገደሉ ነው፤ ከገደሉ ማዶ ደግሞ ሰማያዊ ተራራ በተራራ ላይ። ይህን አገር ለሌላው ሳስተምር እኔ አላየሁትም ነበር ማለት ነው። ባለቤቴን ማሬን ከቀበርሁ ወዲህ ከንፋስ መውጫ ስወጣ የትናንቱ የመጀመሪያዬ ነው። ሦስት ዓመት ሆነኝ። ለዚህ አመሰግንሻለሁ።

አባትሽ የሚለው ቦታ መሳለሚያው ነው። መንገደኛ ቤተ ክርስቲያኑን መጀመሪያ የሚያየው እዚያ ሲደርስ ነውና ቆሞ ይሳለማል፤ አላፊ አግዳሚው ያኖረው የድንጋይ ክምርም አለ። ከአጠገቡ ያለው ማሳ ፋንቱ የምትባል ሴት ነው። አስፈቀድኋት።

«ፈንጂ እንዳይሆን» አለችኝ። ከፍቼ አሳየኋት።

«ታዲያ ምን ይሠራል?»

«ፈረንጅ መጥቶ ይፈልገዋል።»

«ኧረ ተው መምህር! ፈረንጅ የሚፈልገው አጥቶ?» ካለች በኋላ፣ «ድንጋዩስ የኔ አይደለም፤ የመሳለሚያው ነው። ማሳዬን አትርገጡብኝ እንጂ እኔ ምን ቸገረኝ» አለች።

ሳጥኑን ከድንጋዮቹ ሥር አስገባሁት። ሰው እዚያ ሲደርስ ዓይኑ ወደ ጉልላቱ ነው፤ ወደ እግሩ የሚያይ የለም። ከዚህ የተሻለ መደበቂያ አይገኝም ብዬ እንደ አስተማሪ አሰብሁበት። ቁጥሮቹን ሦስት ጊዜ ለክቼ በሌላ ወረቀት አያይዣለሁ።

ፊሽካውን ግን ሳጥኑ ውስጥ አላስገባሁትም። ጨዋታሽ ሰው እንዲለዋወጥ ይፈቅዳል፤ እሱ የሚለወጥ ዕቃ አይደለም። አፉ ላይ ያለውን የጥርስ ምልክት ዐውቀዋለሁ። ዓለምነህ ሲተኛ እንኳ ከአንገቱ አያወልቀውም ነበር። እኔ ዘንድ አለ።

መሣሪያው ባትሪ ይበላል። ከቻልሽ ላኪልኝ። የቀድሞውን ጥያቄዬን አልደግመውም።

ረታ


ፍራይቡርግ፣ መጋቢት 15 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሼ ረታ፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ። ሳጥናችን ኢንተርኔቱ ላይ ተመዘገበ። መዝጋቢው «ጠባቂው በእርግጥ አለ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ቀድሞ ለአባቴ የላኩለትን ፎቶግራፍ፣ ከጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመው የተነሡትን፣ ላክሁለት። «እንደዚህ ያሉ ሰው ከጠበቁት ጥያቄ የለኝም» አለ።

ካርታው ላይ ከጎንደር እስከ ላሊበላ ያለው ሰፊ አገር ባዶ ነበር። አሁን መሀሉ ላይ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ አለች። ሥራ ላይ ዕረፍት ሳገኝ ከፍቼ አያታለሁ። አዳዲስ ነገር የላትም፤ ቢሆንም አያታለሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ አሁንም እወጣለሁ። ካርታ የሚይዝልኝ ስለሌለ ብዙ ጊዜ እሳሳታለሁ። ባለፈው መንገድ ስቼ አንድ የወይን እርሻ ውስጥ ገባሁና ገበሬው ሳቀብኝ። ደምሌ እስከ ወገዳ ሳቀብኝ ብለው የጻፉትን አስታውሼ እኔም ሳቅሁ። ባትሪ ልኬያለሁ፤ ለጉልበትዎ የሚሆን ቅባትም አለበት።

ስለ ፊሽካው ትክክል ነዎት። እርስዎ ዘንድ በመሆኑ አመሰግናለሁ። ከዚህ በላይ መጻፍ አልቻልኩም።

ሕሊና


ንፋስ መውጫ፣ ኅዳር 22 ቀን 2006 ዓ.ም.

ሳጥኑ ጥቅምት 9 ቅዳሜ ከቦታው አልነበረም። አሁን ተመልሷል።

ልጄ ሕሊና፤ ጽዮን ማርያም ትጠብቅሽ። ብዙ ወር ዝም ስላልሁ ብትቆጪ እውነት አለሽ። በበጋው ደምሌ ወደ ወገዳ በጫነ ቁጥር አብሬው እወጣ ነበር። ባትሪሽም ቅባትሽም ሠርተዋል። አንድ ቅዳሜ ጭነቱ ወደ መካነ ኢየሱስ ሆነና በጉና ተራራ በኩል አለፍን። ጅብራ የሚባሉትን እንደ ሰው የቆሙ የደጋ ተክሎች ጉም ውስጥ ተራርቀው ስናይ፣ ደምሌ ሞተሩን አጥፍቶ «መምህር፣ ይኸንንስ ለምን አላስተማሩንም?» አለኝ። ለሁለተኛ ሳጥን የሚሆን ቦታ እዚያ ለክቻለሁ።

ግንቦት ላይ ደብተሩን ስከፍት ሁለት የውጭ ሰዎች ፈርመው አገኘሁ። ወደ ላሊበላ ሲያልፉ በመሣሪያቸው አይተው ከመንገዳቸው የወጡ ናቸው። አንዱ ስሙን «ዋልድፉክስ» ብሏል። ከዚያ ክረምት ገባ፤ መንገዱ ጭቃ ሆነ፤ እስከ ጥቅምት አልሄድሁም። ስሄድ ሳጥኑ የለም።

ፋንቱን ጠየቅኋት። «ቤተ ክርስቲያን ገብቷል» አለችኝ፣ ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል በሚል ዓይን።

ጥፋቱ የኔ ነው። ተሳላሚ ቀና ብሎ ያያል ብዬ ነበር፤ ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን እንደሚስም ረሳሁት። ነሐሴ ላይ ዝናቡ ክምሩን ሲንደው፣ ፋንቱ ለመሳለም ዝቅ ስትል ክዳኑን አየች። ከፈተችው። መሳለሚያ ላይ የተቀመጠ፣ የሰው ስም የተጻፈበት ደብተር፤ እርሳስ አብሮት አለ፤ በመጀመሪያው ገጽ ደግሞ የአጥቢያው ልጅ የዓለምነህ ስም። ለጸሎት ስም ማስመዝገቢያ መሆኑን አልተጠራጠረችም። ተማሪዋን ልጇን እድላዊትን ጠርታ የራሷን የክርስትና ስምና የሟች ባሏን አስጻፈች። ለጎረቤት ነገረች። መስከረም ሲያልቅ መቶ አርባ ስም ሆኗል። ከመጫወቻዎችሽ አንድም አልተነካም። ይልቅስ ጧፍ፣ የጥጥ ፈትል፣ ለቁርባን መገበሪያ የሚሆን አንድ ቋጠሮ ስንዴ ተጨምሮበታል።

ሳጥኑን የያዙት የቤተ ክርስቲያኑን ዕቃ የሚጠብቁት ቄሰ ገበዝ ቀለመ ወርቅ ናቸው። ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። መነጽራቸውን አድርገው ደብተሩን ዘረጉና፣

«መምህር፣ ይኸ ዋልድፉክስ የክርስትና ስሙ ነው?» አሉኝ።

«የጨዋታ ስሙ ነው አባ። የጫካ ቀበሮ እንደ ማለት ነው።»

«ቀበሮ!» ብለው ትንሽ አሰቡ። «በሕይወት አለ?»

«ባለፈው ግንቦት ነበረ።»

«እንግዲያው ከሕያዋኑ ጋራ ነው። እስከዚህ ድረስ መጥቶ ስሙን ያኖረን ሰው አልዘለውም።»

ስሞቹን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ ሲገለብጡ ነው የደረስሁባቸው። የሕያዋን በአንድ ገጽ፣ የሙታን በሌላው። ስለ ጨዋታው አስረዳኋቸው። ሳቁ። «ለኛም ጠቀመን፤ የሩቅ አጥቢያ ሰው ስሙን ለማስመዝገብ ግማሽ ቀን ይሄድ ነበር» ብለው ሳጥኑ ወደ መሳለሚያው እንዲመለስ ፈቀዱ። ከዚያ እጃቸውን በመጀመሪያው ገጽ ላይ አሳረፉ።

«ከዓለምነህ ጋራ ዳዊት ደግመናል። ይኸን ስም ግን አልገለበጥሁትም። በየትኛው ገጽ ልጻፈው?»

ደብተሩን ወደ ራሴ አዙሬ ስሙን አነበብሁት።

«መምህር?»

«እጠይቃለሁ» አልኋቸው።

«በደብዳቤ?» አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ።

ልጄ፣ እሳቸው የጠየቁኝን ነገርሁሽ እንጂ መልሱን በወረቀት ጻፊልኝ ማለቴ አይደለም። ባትሪ አትላኪ። ሰፋ ያለ ደብተር ላኪ።

ረታ


ፍራይቡርግ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሼ ረታ፤

የልደቱን በዓል በሰላም ያድርስዎ። ሁለት ትልልቅ ደብተር ልኬያለሁ። የመቶ አርባውን ሰው ነገር ሳነብ ከሥራ ባልደረቦቼ ፊት ነበርኩ። ምን ሆነሽ ነው ሲሉኝ ማስረዳት አቃተኝ። ዋልድፉክስ ለተባለው ሰው በኢንተርኔቱ በኩል ጻፍኩለት። «በማላውቀው አገር ስሜ በጸሎት ተጠራ?» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። ቄሰ ገበዙን አመስግኝልኝ ብሏል።

የመጀመሪያውን ስም በተመለከተ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ ቀየርኩ። አንድ ቀን ስልክ አንሥቼ ቁጥርዎን መታሁ፤ ሳይጠራ ዘጋሁት። ለምን እንደሆነ ልንገርዎ። አባቴ የእናቱን የእማሆይ ዓለሚቱን ነገር የሰማው በፖስታ ነው። እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ፖስታውን ትራም መጠበቂያ ላይ ከፈተው። ሰው ይወጣል፣ ይወርዳል፤ እሱ ሦስት ትራም አለፈው። አጠገቡ የሚያለቅስለት፣ የሚይዘው ሰው አልነበረም፤ እኔ ብቻ ቦርሳውን ይዤ ቆሜያለሁ። ማን እንደጻፈው ነግሮኝ አያውቅም። «እንዲህ ያለ ወረቀት በእጅሽ ለሰው እንዳትልኪ» ያለኝን ግን አልረሳሁትም።

ስለዚህ እርስዎ ሲጠይቁኝ ዝም አልኩ። ዝምታዬ ያስቀየመዎ እንደሆነ ይንገሩኝ። የግድ ከሆነ እጽፈዋለሁ።

ሕሊና


ንፋስ መውጫ፣ ጥር 18 ቀን 2006 ዓ.ም.

ቄሰ ገበዝ ቀለመ ወርቅ በሕያዋኑም በሙታኑም ገጽ አናት አንድ አንድ መስመር ባዶ ትተዋል።

ልጄ ሕሊና፤ አትጻፊው።

ያን ፖስታ የላክሁት እኔ ነኝ። አክስቴ ዓለሚቱ ባረፈች በሳምንቷ ጻፍሁት። ስልክ አልነበረንም፤ የሚሄድ ሰውም አላገኘሁም። ተዝካሯ ሳይወጣ ይወቅ ብዬ ነው። ሽማግሌዎቹ «መርዶ በጠዋት፣ በሰው መሀል፣ በአፍ ነው የሚነገር» ብለው ከልክለውኝ ነበር። እኔ የተማርሁ ነኝ አልሁና ጻፍሁ። ዓለምነህ አንድ ቀን አልወቀሰኝም። ከዚያ በኋላ ግን ደብዳቤው አጠረ። ትራም መጠበቂያ ላይ ቆሞ እንደሆነ ዛሬ ካንቺ ሰማሁ።

አላስቀየምሽኝም። እኔ ለአባትሽ ያላደረግሁትን አንቺ ለኔ አደረግሽልኝ። ሃያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረውን ሸክም ሳታውቂ ከላዬ አነሣሽልኝ። ምስጋናዬን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም፤ ይህን ሁሉ ዓመት ድርሰት ሳርም ኖሬ።

ቄሰ ገበዙን አማከርኋቸው። «ሰው የሰማው ነገር ቢሆንም በአፍ እስኪነገረው እንዳልሰማ ነው። ልጅቱ ትምጣ» አሉኝ። እንዲህ ተባብለናል። ስትመጪ ንፋስ መውጫ በመሸ አትግቢ። ደብረ ታቦር እደሪ፤ ደምሌ ሄዶ ያመጣሻል። ቄሰ ገበዙና ፋንቱ አብረውሽ ይሆናሉ። ማልዳችሁ በሬን ታንኳኳላችሁ። እኔ ጋቢዬን ለብሼ፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው፣ «በደህና ነው በጠዋት?» ብዬ እከፍታለሁ። ያኔ ትነግሪኛለሽ። ከዚያ የሚሆነውን አገሩ ያውቅበታል።

ያ ካለፈ በኋላ ወደ መሳለሚያው እንወጣለን። ስሙን በየትኛው ገጽ እንደሚጽፉ ቆመሽ ታያለሽ። ፊሽካውን ይዤ እመጣለሁ።

አሁን የምለምንሽ ባትሪም ደብተርም አይደለም። መቼ እንደምትመጪ ብቻ ጻፊልኝ።

ረታ


ፍራይቡርግ፣ የካቲት 8 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሼ ረታ፤

ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። ደብዳቤዎን ሥራ ከመግባቴ በፊት አንብቤ በዚያው ዕለት የዕረፍት ማመልከቻ አስገባሁ። ከመጋቢት 6 ጀምሮ ሁለት ሳምንት ነው የጠየቅኩት። ሁለት ባልደረቦቼ ታመው ስለተኙ አለቃዬ ቃል አልገባችልኝም። ለምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ «አንድ በር ማንኳኳት አለብኝ» አልኳት። ጻፈችው።

ስለዚያ ፖስታ አንድ ነገር ልንገርዎ። አባቴ የሚሳሳላቸውን ነገሮች የሚያኖርበት መሳቢያ አለው። ፊሽካውን ያገኘሁት እዚያ ነው። ከሥሩ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ፖስታ ነበር፤ ከመነበቡ ብዛት እጥፋቱ ሊቀደድ ደርሷል። የማን የእጅ ጽሕፈት እንደሆነ ዛሬ ከእርስዎ ደብዳቤ ጋር አስተያየሁት። ይዤው እመጣለሁ። የተቀየመ ሰው እንዲህ አድርጎ አያስቀምጥም።

ወደ መሳለሚያው ስንወጣ ደምሌ የመኪናውን የፊት ወንበር ባዶ ያድርግልኝ። ካርታውን እርስዎ ይይዙልኛል።

የፈቃዱ መልስ ዓርብ የካቲት 14 ይነገረኛል።

አክባሪዎ ሕሊና